ካርድ የሌለው በሽተኛ

የደም ግፊቴን ልለካ ሐኪም ቤት በሄድኩበት ማለዳ፣ ወረፋ ከሚጠብቁት መካከል ጎረቤቴን ተቀምጦ አየሁት። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጫማውን ወልውሏል። አናጺ ነው። በአንዲት ሚሊ ሜትር ጠብ ስለሚያነሣ ሰፈሩ «ሚሊ» ይለዋል። በዚያ ሰዓት መገኘት የነበረበት ከሚሠራበት የቤት ዕቃ ፋብሪካ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ?» አልኩት።

ደነገጠ። ብድግ ብሎ ቦታውን ለቀቀልኝ። «ደኅና ነኝ፣ አባባ። ወገቤን ትንሽ...»

«ካርድህስ?»

አንዱን ኪሱን ዳበሰ። ከዚያ ሌላኛውን ዳበሰ። እግራቸው በፋሻ የተጠቀለለ አንዲት አሮጊት ከአጠገቡ ዞር ብለው፣ «የኔ ጌታ፣ እንዳለፈው ዛሬም ተራህን ለኔ ትሰጠኛለህ?» አሉት።

ዕድሜዬን በመጋዘን ጥበቃ የጨረስኩ ሰው ነኝ። መፈተሽ የሚፈራ ሰው ፊቱ ይናገራል። ጥያቄ ሳልጨምር አጠገቤ አስቀመጥኩት።

«ፋብሪካው ተዘግቷል» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት።»

«ባለቤትህ ታውቃለች?»

«አታውቅም። እንደ ወትሮው ምሳዬን ቋጥራ ትሸኘኛለች፤ ሲመሽ እመለሳለሁ። ሲያሰናብቱን የሰጡንን እንደ ደመወዝ እየከፋፈልኩ እሰጣታለሁ።»

«እሺ፣ እዚህስ ምን አመጣህ?»

«ሐኪም ቤት የተቀመጠን ሰው ለምን ተቀመጥክ የሚለው የለም፣ አባባ። መናፈሻ ብቀመጥ ሰው ያየኛል። እዚህ ጥላ አለ። ተራዬ ሲደርስ ለሌላ ሰጥቼ ወደ ኋላ እሄዳለሁ።»

«እዚህ የሚቀመጠው ሁሉ ታሞ ይመጣል፣ ድኖ ይሄዳል። አንተ ጤነኛ መጥተህ ታመህ ልትሄድ ነው።»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ተራ የምትጠራው ነርስ መለኪያዋን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ወጣት ናት። ክንዴን እያሰረች ዐይኗን ወደሱ መለሰች።

«ጋሼ፣ ካርድ የለዎትም ብዬ ላስወጣዎት ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር» አለችው። «ግን ይህ አግዳሚ ወንበር ይወዛወዝ ነበር። ካርቶን አጥፈው ከእግሩ ሥር ሲሰኩ አየሁዎት። እጁ ሥራ የለመደ ሰው ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ሚሊ አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ ሲስተር። ከነገ ጀምሮ አልመጣም።»

«ወዴት ሊሄዱ ነው? ሌላ ሐኪም ቤት?»

አሮጊቷን ሳቅ አመለጣቸው። እሱ ግን ተቆጣ።

«አንቺ ደመወዝተኛ ነሽ፣ አይገባሽም። ሥራ ማጣትና ሥራ አጣ መባል አንድ አይደለም። ማጣቱን ችዬዋለሁ። መባሉን አልችለውም።»

ነርሷ አልተቀየመችም። «እኔም ተመርቄ ቤት ተቀምጫለሁ» አለችው። «እስከ ረፋድ እተኛ ነበር። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ጓዳ ትከተኛለች፤ ‹ገና ትማራለች› ትላቸዋለች። አንድ ቀን ከጓዳ ወጣሁና ‹ጨርሻለሁ፤ ሥራ እየፈለግሁ ነው› አልኩ። እናቴ ሰንብታ ነው የታረቀችኝ። እንግዳዋ ግን ‹እንግዲያው የባሌን ቁስል እጠቢልኝ› አለችኝ። በየጠዋቱ ተነሥቼ ልብሴን ተኩሼ መሄድ ጀመርኩ። አንዱ ለሌላው እየነገረ ብዙ ቤት ገባሁ። እዚህ ሰው እንደሚፈለግ የነገረኝም ቁስሉን የማጥብለት ሰውዬ ልጅ ነው።»

«አንቺ ወጣት ነሽ። እኔ የልጆች አባት ነኝ። ሥራ አጣ ከተባልኩ አሠሪው ዋጋዬን ይጥለዋል። ችግረኛ ነው ብሎ ይጫወትብኛል።»

«የትኛው አሠሪ?» አልኩ እኔ። «ማንን ጠይቀህ?»

የምሳ ዕቃውን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ጠይቀሃል ወይ?»

«ፋብሪካው ሲከፈት እንጠራችኋለን ብለውናል። ደግሞስ ቀኑን ሙሉ እዚህ ተቀምጬ መቼ ልጠይቅ?» አለ። አፉ ያወጣውን ጆሮው ሲሰማ ጊዜ ፊቱ ቀላ።

«እጅዎን ያሳዩኝ» አለችው ነርሷ።

ዘረጋላት። እኔም አየሁት። ያ የማውቀው ሻካራ መዳፍ ለስልሶ የሌላ ሰው መስሏል።

«የሚያስፈራው ይሄ ነው። ፋብሪካው ነገ ቢከፈት በዚህ እጅ ነው የሚገቡት?»

እጁን ሰበሰበ። ቢሆንም አልተሸነፈም፤ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ሚስቴ በኔ ትኮራለች» አለ። «ያቺን ኩራት ልንጠቃት?»

ያን ጊዜ ልነግረው ወሰንኩ።

«ማክሰኞ ዕለት የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ግቢያችን መጥቶ ነበር። ባለቤትህን ቧንቧው ጋ ልብስ ስታጥብ አገኛት። ‹የተሰባበሩ ዴስኮች አሉን፤ ባለቤትሽ ይሠራልን ይሆን?› አላት። ምን ያለችው ይመስልሃል?»

«ምን አለችው?»

«‹እሱ መች ጊዜ አለው! ፋብሪካው መች ይለቀዋል!› አለችው። እየኮራች። ሰውዬው አመስግኖ ሄደ። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ የሰማሁት ነው።»

ሚሊ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «እኔ እዚህ ተቀምጬ?»

«እዚህ ተቀምጠህ። ተራህን ለሰው እየሰጠህ።»

 እሱ የምሳ ዕቃውን አንሥቶ ቆመ። 

«ምን ብዬ ልጀምር፣ አባባ?»

«‹ፋብሪካው ተዘግቷል› በላት። የቀረውን እሷው ትጠይቅሃለች።»

ከሄደ በኋላ ነርሷ መለኪያውን አይታ፣ «ግፊትዎ ጨምሯል፤ ጨው ይቀንሱ» አለችኝ።

«ጨው አይደለም፤ ሚሊ ነው» አልኳት።

ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ገባ። በሩ ተዘጋ። የሰማሁት ነገር የለም፤ ልሰማም አልፈለግሁም። ቆይታ ባለቤቱ ባልዲ ይዛ ወጣች። ቧንቧውን ከፈተች፤ ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ፤ አልዘጋችውም። ተነሥቼ ዘጋሁት።

«አባባ፣ ለርእሰ መምህሩ ጊዜ የለውም ያልኩት እኔ ነኝ።»

«የምታውቂውን ነው የተናገርሽው።»

«ሥራ ማጣቱን እችለው ነበር። እኔን ያቃጠለኝ ምሳ እየቋጠርኩ ሐኪም ቤት መላኬ ነው! እንደ አስታማሚ!» አለችና እያለቀሰች ሳቀች።

በማግስቱ ሁለቱም ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ዴስኮቹ ለሌላ አናጺ ተሰጥተው ነበር። ይህ ሰው ነገ ተመልሶ ወረፋ ውስጥ ይቀመጣል ብዬ ፈራሁ። በነጋታው ማለዳ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት።

ፋብሪካ ይገባበት በነበረው ሰዓት ወጣ። የተወለወለውን ጫማ ትቶ የሥራ ልብሱን ለብሷል። የዕቃ ሣጥኑን ከፍቶ የዛገውን መጋዝ አወጣና ይሞርደው ጀመር። ከዚያ ከቁርስ እስከ ምሳ የእንጨት ሥራ ቤቶችን እየዞረ «አናጺ ነኝ፤ ሥራ እፈልጋለሁ» ይል ጀመር። የመጀመሪያዋን ቀን አፉ እንደ ተሳሰረበት ነግሮኛል። በሦስተኛው ቤት ምላሱ ተፈታ። ከምሳ በኋላ ግቢያችን ውስጥ የተሰበረ ነገር ሁሉ የሱ ነበር። የኔን ሦስት እግር በርጩማ ጠግኖ ሲያበቃ፣ አንዷ እግር አጥራለች ብሎ እንደገና ፈታት። ሚሊ አይደል!

አከራያችን ይህን አይተው፣ «ለካ ሥራ ፈት ኖሯል!» አሉ፣ ጎረቤት እንዲሰማ አድርገው።

ባለቤቱ ከልብስ ማጠቢያው ቀና አለች። «ሥራ ፈት እንኳ አይደለም፤ ሥራ እየፈለገ ነው። የእርስዎ በር ሲከፈት ወለሉን ይፍቅ የለ? ይላግልኝ ካሉ ይንገሩት።»

አከራያችን አፋቸውን ያዙ። በሩን ግን አሠሩ።

ወዲያው ሥራ አገኘ ብዬ አልዋሽም። «የለም» ያሉት ብዙ ናቸው። አንዳንድ ቀን ፊቱ ጠቁሮ ይመለስ ነበር። ያን ቀን ሚስቱ የሚጠገን ነገር ፈልጋ ፊቱ ታስቀምጣለች። ሥራ በሌለበት ከሰዓት ደግሞ አጠገባችን ያለው የአሉሚኒየም ሥራ ቤት ሄዶ በነጻ እየረዳ የመስኮት አሠራር ለመደ። «በዚህ ዕድሜህ ተለማማጅ?» ብዬ ጎነተልኩት። «እንጨት ቢጠፋ ብረቱን ልያዝ ብዬ ነው፣ አባባ» አለኝ።

በኋላ ዴስኮቹን የወሰደው አናጺ ሥራ በዛበት። የአከራያችንን በር ያየ አንድ ሰው ሚሊን ጠቆመለት። ሄደ፤ መጋዝ ሰጥተው አዩት፤ እጁ ተመልሶ ሻክሮ ነበር። እዚያው ቀረ። የድሮው ፋብሪካ እስከ ዛሬ አልተከፈተም።

አንባቢ ሆይ፣ ሥራው የመጣው ዘግይቶ ነው። ከሥራው በፊት ግን ሌላ ነገር መጥቷል። ሰውዬው ሌሊት መተኛት ጀምሯል። ልጆቹ አባታቸውን ሲሠራ አይተዋል። ሚስቱ የምትናገረውን ታውቃለች። የሰፈሩ ሰው ሥራ ሲሰማ ወደ ማን እንደሚልክ ያውቃል። ሥራ ያጣ ሰው ማጣቱን ከደበቀ፣ ራሱንም ከሚፈልገው ሰው አብሮ ይደብቃል። ስለዚህ ተናገር። በሰዓትህ ተነሣ። የያዝከውን ሙያ ከእጅህ አታውጣ፤ ቀን ከተረፈህ ሌላ ጨምርበት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የማናውቀው ሰው ግቢያችን ገባ። ቧንቧው ጋ ቆሞ፣ «አናጺው እዚህ ነው? ቁም ሣጥን ላሠራ ነበር» አለ።

ባለቤቱ እጇን ከሳሙናው አወጣች። «እሱ መች ጊዜ አለው!» አለችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ዛሬስ እውነቴን ነው፣ አባባ» ብላ ሳቀች፤ ሰውዬው ከበሩ ሳይወጣም ተጣራች። «ጌታዬ! አይሂዱ እንጂ! ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነው፤ መጥተው ያነጋግሩት!»