በሰላም የተለያዩ

አሌክሳንድሪያ ታክሲ ስነዳ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከኤርፖርት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ጫንኩ። መዝሙር ከፍቼ ነበርና "ፕሮቴስታንት ነህ?" አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። እሳቸው ስዊዘርላንድ ውስጥ አፐንዜል ከሚባል ካንቶን ናቸው፤ ካንቶን ማለት እዚህ ስቴት እንደምንለው ነው። "ድሮ አንድ ነበርን። በኋላ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ተባብለን ሁለት ካንቶን ሆንን" አሉኝ። የእኛም ቸርች በዚያው ሳምንት እሑድ ለሁለት እንከፈል አንከፈል ብሎ ድምፅ ሊሰጥ ነበር። እኔ እንዳንከፈል ጾም ይዣለሁ።

"ተዋግታችሁ ነው?" አልኳቸው።

"የለም፣ በሰላም። በየሰበካው ድምፅ ተሰጠ፣ አለቀ።"

"ታዲያ መቼ ታረቃችሁ?"

"ካልተጣላን ማን ያስታርቀናል? ይኸው አራት መቶ ዓመት አለፈ፣ ዛሬም ሁለት ነን" ብለው ሳቁ።

እጄን ሰድጄ መዝሙሩን ዘጋሁት። የእኛም የቸርች ሽማግሌዎች ቃላቸው "በሰላም እንለያይ" የሚል ነበር።

እሑድ ፓስተራችን እንደ ልማዳችን "ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ማንም ማንንም አይይ። መለየቱን የምትደግፉ እጃችሁን አንሡ" አሉ። ጨፈንኩ። "ጌታ ሆይ፣ አንድ አድርገን" እያልኩ ሳለ፣ ክንዴን ተደግፎ የነበረው የባለቤቴ ክንድ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲነሣ ተሰማኝ። ዓይኔን መግለጥ ፈራሁ። ስንመለስ መኪና ውስጥ እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኳት። በሰላም ቤታችን ገባን።