የያምሮት ላፕቶፕና የአያ ቢያዝን በሬ

የመንፈቅ ዓመት ፈተና ላባዛ ፍኖተ ሰላም፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ወዳለው የተስፋው ኮምፒውተር ቤት ጎራ ብል፣ የማንኩሳው የበርበሬ ገበሬ አያ ቢያዝን ከልጃቸው ከያምሮት ጋር ቆመው ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ያምሮትን አስተምሬያታለሁ፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሕንፃ ንድፍ ታጠናለች። እኔ ደግሞ ክርክር አይቼ ማለፍ የማልችል ሰው ነኝ።

«መምህር፣ እንኳን መጡ፤ እስቲ ይፍረዱን» አሉ አያ ቢያዝን። «በርበሬዬን ሸጬ ለትምህርቷ ላፕቶፕ ልገዛላት መጣሁ። እሷ ግን ካርቶኑ ያልተቀደደውን አዲሱን ትታ፣ ይህን ያረጀ፣ የወፈረ፣ ያውም የጨዋታ ላፕቶፕ ካልሆነ ትላለች። ለጨዋታ ነው እንዴ ክረምቱን ሙሉ የኮተኮትሁት?»

ያምሮት ድምጿን ሳታነሣ መለሰች። «አባዬ፣ የሕንፃ ሥዕል ለላፕቶፕ ከባድ ጭነት ነው። ባለፈው የተዋስሁት መሸከም አቅቶት ሥዕሌን ሳልጨርስ ማስረከቢያው ቀን አለፈ። ዘንድሮም ከደገመኝ ዓመቱን እንደገና ልማር ነው። ለጌም የተሠራ ላፕቶፕ ሥዕልን የሚሸከም ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ አለው። ባለን ብር የዚህን ዓይነት አዲስ አናገኝም፤ ያገለገለውን ግን እንችላለን።»

«ያገለገለ ማለት ሰው የጨረሰው ነው። አዲሱን እዪው፣ እንዴት ያምራል።»

«ላይ ላዩንማ ያምራል፤ ውስጡን ለቄስ» ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

አያ ቢያዝን ገላመጡኝ። «ይሁን። ጨዋታ ግን ሥራ ያስፈታል።»

እዚህ ላይ በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርሁ፤ ሌሊቱን በጌም አንግቶ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ሞልቶኛልና።

«ሥራዬን ስጨርስ እጫወታለሁ፣ አልዋሽዎትም» አለች ያምሮት። «ግን አባዬ፣ ቀዩን በሬ ከቡሬ ገበያ ሲገዙ ምን አደረጉ?»

«ጥርሱን አየሁ። ከዚያ ሻጩን ተከትዬ እደጁ ድረስ ሄጄ፣ ጠምጄ ጥቂት ትልም አወጣሁበት። ሳይጠመድ በሬ ይገዛል እንዴ? ስንቱ ወዛም ከቀንበር ሥር ይተኛል።»

«እንግዲያው ጌሙ ቀንበሩ ነው። ሁለቱንም እንጥመዳቸው።»

በገዛ ልማዳቸው ስለመጣችባቸው አያ ቢያዝን «በይ ጥመጂያቸው» አሉ። ባለሱቁ ተስፋው ከአዲሱ ዓይነት ለማሳያ የተቀመጠውን አመጣና በሁለቱም ላይ አንድ የእግር ኳስ ጌም ከፈተ። አዲሱ ላይ ተጫዋቾቹ እግራቸውን እንዳነሡ እየደረቁ ቀሩ። «ለጽሑፍ ሥራ ጎበዝ ነው፤ ይህ ግን ሥራው አይደለም» አለ ተስፋው፣ ሐቀኛ ሰው ነውና። ያገለገለው ግን ፈተናዬ ተባዝቶ እስኪያልቅ ሳይንቀራፈፍ ሠራ። አያ ቢያዝን በጎኑ የሚወጣውን ትኩስ አየር በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ይህ ደግሞ ያለከልካል። ደክሞት እንዳይሆን።»

«ሲሠራ መሞቁ ደንብ ነው፤ ሞቆ ቢጠፋ ወይም ቢዘገይ ነበር በሽታው» አለች ያምሮት። ቻርጀሩን ነቀለች፤ ባትሪው ቶሎ ወረደ። «ጉድለቱ ይኸው። ሰክቼ ስለምሠራበት አያስቸግረኝም፣ ዋጋ ግን ያስቀንስልናል። በተረፈው ብር ራም፣ ማለት ሥራ የሚያቀላጥፍለትን ማስታወሻ፣ እንጨምርበታለን። ግራፊክስ ካርዱ ግን በኋላ አይቀየርም፤ ብሩ አስቀድሞ እሱ ላይ ይዋል።»

ከዚያ ጌሙን ዘጋችና ፍላሽ ሰክታ ያልጨረሰችውን ሥዕል ከፈተች። የማንኩሳው ግቢያቸው ብቅ አለ፤ ሾላው፣ የውኃ ጉድጓዱ፣ በመካከላቸው ደግሞ ሰፊ ጣሪያ ያለው የበርበሬ ማድረቂያ። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት ድንገተኛ ዝናብ የተሰጣ በርበሬያቸውን አበስብሶባቸው ነበር።

የአያ ቢያዝን ዓይን እንባ አቀረረ።

«ሳትጨርሺው የቀረሽው ይህን ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ጎንበስ ብለው ስክሪኑን በጣታቸው ነኩ። «በሩን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሪው። ዝናቡ ከመጥለቂያው በኩል ነው የሚመታን።»

ያምሮት አዞረችው። ላፕቶፑም ተገዛ።

ዕቃ የምትገዙ ወዳጆቼ፣ ብራችሁ ጥቂት ከሆነ ለውበቱ አትክፈሉ፤ ለምን ሥራ እንደምትፈልጉት እወቁና በዚያው ሥራ ፈትኑት። ያምሮት ንድፏን በቀኑ አስረክባለች። ማድረቂያውም ተሠርቶ የተከታዩ ዓመት በርበሬ ከጣሪያው ሥር ደርቋል።

የዚያን ዕለት ከሱቁ ስንወጣ አያ ቢያዝን ልጃቸውን አስቀድመው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«መምህር፣ ያ ቀይ ለባሹ ኳሷን ይዞ እየሮጠ ሳለ ነው የዘጋችው። አግብቶ ይሆን?»