ከወረቀቱ ሥር የነበረው ሕግ

በ፲፱፻፺፱ ዓ.ም. ሰኔ ወር ላይ፣ በትምህርት ተቆጣጣሪነቴ የትምህርት ቤቶችን ሥራ ስመለከት ዋጫ ሰንብቼ ወደ ቦንጋ ስመለስ፣ ሺሺንዳ ላይ መንገዱ ተዘግቶ አገኘነው። ጣውላ የጫነ አይሱዙ ጭቃው ውስጥ ተጋድሞ ወዲያም ወዲህም አላሳልፍ ብሏል። ዝናቡ ስላላባራ ተሳፋሪው ሁሉ በየሻይ ቤቱ ተጠለለ።

እኔ በገባሁበት ሻይ ቤት ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ተቀምጠው ነበር። አንደኛው ጋሽ ሰብሃት ናቸው። በንጉሡ ዘመን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ አሁን ከቦንጋ እስከ ዋጫ ቃላቸው የማይሰበር ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛዋ ሀፍሳ ናት፤ ቦንጋ ሱቅ ያላቸው የአቶ ተማም ልጅ፣ የቀድሞ ተማሪዬ። ጅማ ሕግ ታስተምራለች፤ ዋጫ የሄደችው ለወረዳ ዳኞች ሥልጠና ልትሰጥ ነበር።

«ካገር ውጭ ሄዳ ነበር ሲሉ ሰማሁ» አሉ ጋሽ ሰብሃት ወደ ሀፍሳ እያዩ፣ እኔ ቦታዬን ከያዝኩ በኋላ። «ምን ፍለጋ ነው ልጄ?»

«የሕገ መንግሥት ምሁራን ጉባኤ ነበር፣ ጋሽ ሰብሃት። ከህንድ፣ ከኮሎምቢያ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከየአገሩ የመጡ ናቸው። ሕገ መንግሥት እንዴት እንደሚጻፍ፣ እንዴት እንደሚሻሻል፣ ለምን እንደሚፈርስ እያነጻጸሩ ያጠናሉ። በኛም ላይ አንድ ሙሉ ቀን ተነጋገሩ።»

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «በኛ? የኛን ማን ሰጣቸው?»

«በሁሉም እጅ አለ። አንቀጽ በአንቀጽ ያውቁታል።»

«በስመ አብ! ባሕር ማዶ ያለ ሰው የኛን ጓዳ ይፈትሻል? መምህር፣ ይሰማሉ?»

እሰማ ነበር፤ እኔም መደንገጤን አልሸሸግም። ሕገ መንግሥቱን እኔ ራሴ ከመግቢያው አልፌ አንብቤው አላውቅም።

ሀፍሳ በትሕትና መለሰች። «ጋሽ ሰብሃት፣ አንድ በሽተኛ ብቻ ያየ ሐኪም በሽታውን አወቀ ይባላል? እነዚህም የመቶ አገር ሕመምና ፈውስ አይተው ነው የሚናገሩት።»

«እኔ ግን በሽተኛውን ሆኜ አይቻለሁ» አሉ ሳቅ ብለው። «የአርባ ስምንቱን ሕገ መንግሥት አውቃለሁ፤ የሰማንያውን አውቃለሁ፤ የሰማንያ ሰባቱንም ይኸው አለን። ለሦስቱም አጨብጭቤያለሁ። ሁለቱ ካወጧቸው ጋር ሄዱ። ወረቀት ነው ልጄ! ለወረቀት ብሎ ከአገር አገር መንከራተት ምን ይሉታል?»

«እነሱም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ለምን አብሮ ይሄዳል? የህንድ ዳኞች ምክር ቤቱ አንቀጽ ሊያሻሽል ይችላል፣ መሠረቱን ግን ሊነካ አይችልም ብለው ፈርደዋል።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ጣራው አነሡ። «ይሄስ እንደ ጎጆ ነው። ክዳኑ ቢያረጅ ይቀየራል። ምሰሶውን የነቀለ ሰው ግን ጠገንኩ ቢል ማን ያምነዋል?»

«አንድ ሰዓት ሙሉ ያስተማሩንን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት» አለች ሀፍሳ። «ኮሎምቢያ ውስጥ ደግሞ መብቱ የተነካ ሰው፣ ገበሬም ቢሆን፣ ጠበቃ ሳያቆም ለዳኛ አቤት ይላል። ዳኛውም በቀናት ውስጥ ይመልስለታል። እኔን ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። አንድ የዚያ አገር አዛውንት ምሁር ከቦንጋ መሆኔን ሲሰሙ፣ ‘የካፋን ንጉሥ ሥልጣን ይገድብ ስለነበረው ምክር ቤት፣ ስለ ሚክረቾ ንገሪኝ’ አሉኝ። ከስሙ በቀር የማውቀው አልነበረኝም። እዚያው ቦንጋ ተወልጄ!»

እኔም ጆሮዬ ጋለ። ሃያ ሁለት ዓመት በካፋ ሳስተምር ሚክረቾን ለአንድም ክፍል አስተምሬ አላውቅም።

ጋሽ ሰብሃት ግን አልተረቱም። «ምክር ቤትማ እኛም አለን፤ ሽማግሌ ይባላል። ትናንት ዋጫ አጠገብ አንድ ክርክር ቋጨሁ። ያለ ጠበቃ፣ ያለ አንቀጽ!» አሉና ቦርሳቸውን ከፍተው በራሳቸው እጅ የተጻፈ ሰነድ አወጡ። ነገ ቦንጋ ፍርድ ቤት ሊያጸድቁት ነው። «ታንጉት የምትባል ሴት ናት። ባሏ ዓለሙ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ልጅ አልወለዱም። ባልና ሚስቱ አብረው ያለሙት የቡና ማሳ ለባሏ ወንድም ለአስፋው ይመለስ፣ እሷ ቤቱን ትያዝ ብለን አስታረቅን። ደም ሳይፈስ!»

ሀፍሳ ግን ሰነዱን አልነበረም የምታየው። ሰነዱ እንዳይታጠፍ ከሥሩ የተደገፈበትን ስስ መጽሐፍ ነበር የምታየው። ሽፋኑ ላይ አንድ ሰማያዊ የጣት አሻራ ደርቋል።

«ጋሽ ሰብሃት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱማ ድሮ ቀበሌ ያደለን ነው፤ ገልጬው አላውቅም። ጠንካራ ስለሆነ ለመጻፊያ መደገፊያ ይመቸኛል። ታንጉት ስትፈርም ቀለሙ ነክቶት ነው።»

«ይህ እኮ ሕገ መንግሥቱ ነው።»

ሀፍሳ መጽሐፉን ገለጠች፤ ሠላሳ አምስተኛውን አንቀጽ ፈልጋ ለሽማግሌው አቀበለቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተዳደርና በማስተላለፍ ከወንዶች ጋር እኩል መብት አላቸው፤ በውርስም እኩል ናቸው የሚለው ላይ ሲደርሱ ንባቡን አቋረጡ። እንደገና ከላይ ጀመሩ። በሁለተኛውም አልጨረሱትም።

«እሷ ይህን ታውቅ ነበር?» አለች ሀፍሳ።

«እኔስ መቼ አውቄ!»

«ከመፈረሟ በፊት ሰነዱን አነበቡላት?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «አላነበብኩላትም። አርባ ዓመት ሕግ ጽፌ በላሁ» አሉ። «ጣቷን ይዤ ያስፈረምኳት እኔ ነኝ። መብቷ ከወረቀቱ ሥር ተኝቶ፣ በላዩ ላይ መብቷን አሳልፋ እንድትሰጥ አስፈረምኳት!»

ከሰዓት በኋላ አይሱዙው ተጎትቶ ወጣና መንገዱ ተከፈተ። የቦንጋው አውቶቡስ ጡሩምባውን ሲነፋ ጋሽ ሰብሃት ግን ወደ ዋጫ የሚመለስ መኪና አስቁመው ነበር። እኔና ሀፍሳም ተከተልናቸው።

ታንጉትን ደጃፏ ላይ አገኘናት። አስፋውና ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ተጠርተው መጡ። ጋሽ ሰብሃት ቆመው አንቀጹን ከዳር እስከ ዳር አነበቡ፤ ሰነዱንም በሁሉም ፊት ቀደዱ።

አስፋው ተቆጣ። «ሽማግሌ ቃሉን ያጥፋል እንዴ?»

«ስህተቱን ያወቀ ሽማግሌ ካላጠፈ ማን ያጥፍ?» አሉት። «የወንድምህን ሚስት በድዬ አንተን መጥቀሜ እርቅ አይደለም። መብት አለኝ ካልክ ፍርድ ቤቱ ክፍት ነው፤ እሷም እዚያው መልስ ትሰጥሃለች።»

ታንጉት አላለቀሰችም፤ አልሳቀችምም። መጽሐፉን ትክ ብላ አየችውና፣ «ይሄ ከተጻፈ ስንት ጊዜው ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አሥራ ሁለት ዓመት» አለች ሀፍሳ።

«አሥራ ሁለት ዓመት!» ታንጉት እጇን በአፏ ጫነች። «የባዕድ አገር ሰው ያወቀውን እኛን ማን ከለከለን?»

ጋሽ ሰብሃት ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቋት።

አስፋው ፍርድ ቤት ሄዶ ተከራከረ፤ ማሳው ግን ለታንጉት ጸናላት። በመስከረም ቡናዋን ራሷ አስለቀመች። ጋሽ ሰብሃትም ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና በተቀመጡ ቁጥር መጀመሪያ ለተከራካሪዎቹ መብታቸውን ያነባሉ፤ ቀጥሎ ‘በሽምግልና ለመዳኘት ፈቅዳችኋል?’ ብለው ይጠይቃሉ። አልፈቅድም ብሎ የተነሣ ሰው ሲኖር አይቀየሙም። ክብራቸው ይቀንሳል ብለው የፈሩላቸው ነበሩ፤ እንዲያውም ከደካ ድረስ እየመጡ ዳኙን የሚሏቸው በዙ። እኔም በየትምህርት ቤቱ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለሕገ መንግሥትና ለሚክረቾ ታሪክ እንዲሰጥ አስደረግሁ።

የሌላውን አገር ሕግ ማጥናት ጓዳ መፈተሽ አይደለም። የሌላው መውደቅና መነሣት ለኛ ትምህርት ነው፤ የኛም ለሌላው። ነገር ግን ምሁራን ሺህ ጉባኤ ቢቀመጡ፣ ባለቤቱ ያላነበበው ሕግ ባዕድ ቤት እንዳደረ ከብት ነው፤ ወተቱን የሚጠጣው ሌላ ነው።