ሁለቱ ፕሮሰሰሮችና የጋሼ ሽብሩ ጠረጴዛ

ሰው ካላሰበው ቤት የሚገባው አንድም በዝናብ ነው፣ አንድም በእግዜር ፈቃድ። ጡረተኛው መምህር ሽብሩ በዚያ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ካለችው ጠባብ የኮምፒውተር ሱቅ የገቡት በዝናብ ነበር። ኋላ ግን ሲጠየቁ "በሁለቱም ነው" ይሉ ጀመር።

ባርኔጣቸውን አራግፈው ቀና ሲሉ ባለሱቋን አወቋት። የቀድሞ ጎረቤታቸው የአጵሎስ ልጅ ርብቃ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራ ባለፈው ዓመት የተመለሰችው።

"ጋሼ! ይቀመጡ እንጂ። ምነው በዚህ ዶፍ?"

"ዴስክቶፕ ልገዛ ወጥቼ ዝናቡ እዚህ ወረወረኝ። አንቺም ትሸጫለሽ?"

"እሸጣለሁ። ለምን ሥራ ፈለጉት?"

ጥያቄው አጭር ነበር፤ መልሱ ግን አርባ ዓመት ወደ ኋላ ይጓዛል።

ጋሼ ሽብሩ በወጣትነታቸው የቤተ ክርስቲያናቸውን የሀዲይኛ መዝሙሮች በቴፕ ይቀዱ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘማሪዎች ከሀቢቾና ከቦኖሻ፣ አንዳንዴም ከአንጋጫ በእግራቸው መጥተው፣ ጭቃቸውን ደጃፍ ላይ ጠርገው፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ፊት ይደረደራሉ። ሟች ባለቤታቸው ዶሮዎቹ በመዝሙሩ መሃል እንዳይንጫጩ ቅርጫት ይደፉባቸዋል። ቀይዋ ቁልፍ "ቀጭ" ስትል ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል። አንዱ ካስነጠሰ ሳቅ ይፈነዳል፤ መዝሙሩም እንደገና ይጀመራል። የዚያ ቤት ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ ዘማሪ ወደ ቴፑ ይመጣል እንጂ ቴፑ ወደ ዘማሪ አይሄድም።

አሁን ካሴቶቹ ሻግተዋል። ጋሼ ያሰቡት መዝሙሮቹን ኮምፒውተር ላይ አስገብተው ጩኸታቸውን ሊያጸዱ፣ የጎደለውንም ዘማሪ ጠርተው እንደ ጥንቱ ሊያስሞሉ ነው።

ርብቃ ይህን ከሰማች በኋላ ሁለት ዕቃ አሳየቻቸው። አንዱ አዲስ፣ ዋጋው የማይጎዳ ዴስክቶፕ ነው። ሌላው ከአንድ የተዘጋ የመሐንዲሶች ቢሮ የተገዛ ወፍራም ላፕቶፕ ነው፤ ለከባድ ሥራ የተሠራ ስለሆነ ዎርክስቴሽን ይሉታል።

"እሱማ ያገለገለ ነው" አሉ ጋሼ፣ ፊታቸውን ወደ ዴስክቶፑ እያዞሩ። "ካረጁ አይበጁ ነው ነገሩ።"

ርብቃ ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች። "ይሄን ተረት እርስዎ ከተናገሩትማ እኔ ምን እላለሁ!"

"አንቺ ባለጌ!" አሉና እሳቸውም ሳቁ። "ግን ንገሪኝ። ያኛው አዲስ፣ ይሄ አሮጌ። አዲሱ አይበልጥም?"

"በምን ሥራ? ነገሩ እሱ ላይ ነው። እንሰት ሲፋቅ አይተዋል አይደል? የኮምፒውተር ፕሮሰሰር፣ ሥራውን የሚሠራው አንጎሉ ማለቴ ነው፣ እንደ ፋቂዎቹ ሴቶች ነው። በዴስክቶፑ ውስጥ ያሉት ሁለት ፈጣን ልጃገረዶች ናቸው፤ አንድ እንሰት ብቻ ካቀረቡላቸው ማንም አይቀድማቸውም። በላፕቶፑ ውስጥ ያሉት ደግሞ አራት ጠና ያሉ እናቶች ናቸው። እጃቸው ትንሽ ይዘገያል፤ ግን አራት ናቸው።"

"ምሳሌ ለማንም አይቸግርም። አሳዪኝ።"

አስተማሪ ነበሩና ያላዩትን አይቀበሉም። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ አራት ካሴት የገለበጠላቸውን ፍላሽ ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ርብቃ መጀመሪያ አንዱን ብቻ በሁለቱም ማሽኖች አጸዳች። ዴስክቶፑ ቀድሞ ጨረሰ።

ጋሼ አጨበጨቡ። "አላልኩሽም!"

"ብለዋል። አሁን አራቱንም አንድ ላይ እንስጣቸው።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጋሼና ርብቃ ማሽኖቹን እያዩ ጠበቁ። ላፕቶፑ አራቱን ሲጨርስ ዴስክቶፑ ሁለቱን ብቻ ጨርሶ በቀሩት ሁለቱ ላይ ነበር። ጋሼ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። የላፕቶፑን ሆድ ዳሰሱ።

"ይሄማ ትኩሳት ይዞታል! ለሆስፒታል ነው ወይስ ለቤት?"

"እውነት ነው፤ አልደብቅዎትም። ትልቅ ጉልበት በጠባብ ቤት ስለታሰረ ይግላል፤ ከመጠን ሲያልፍም ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዴስክቶፑ ሰፊ ቤትና ትልቅ ማራገቢያ ስላለው ቀኑን ሙሉ ቢሠራ አያለከልክም። ደብዳቤ ለመጻፍ ቢሆን ኖሮ እሱን ይውሰዱ እልዎት ነበር።"

"እንግዲያው እሱን እወስዳለሁ! ብሬ ለአንዱ ነው የሚበቃው። ጽዳቱ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ማን ይከሰኛል? ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፣ ዘማሪም ይምጣ። ዕቃ ቦታ አለው።"

 ርብቃ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማን ነው የሚመጣው?" አለች።

 ጠረጴዛው ፊት የመጨረሻው ዘማሪ ከቆመ ሦስት ዓመት አልፏል። አንዳንዶቹ አርፈዋል፤ አንዳንዶቹን ልጆቻቸው ወስደዋቸዋል። የቀረችው የሀቢቾዋ ማራኪ ናት። ከእህቷ ጋር ሆነው ካወጧቸው መዝሙሮች የሚወደደውን ቴፑ ሦስተኛው ቁጥር፣ ማለትም ሦስተኛው አንጓ ላይ በልቶታል፤ ቃሉን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ጋሼ ሁለት ጊዜ "በመኪና አምጧት" ብለው ልከው ልጇ ኤሊያስ "ከአልጋ አትነሳም" ብሎ መልሶላቸዋል። እሳቸውም "ቀረችብኝ" ብለው ተቀይመው ነበር። ይህን ሁሉ ለርብቃ ሲናገሩ ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ።

"ታዲያ ላፕቶፑ ወደ እሷ ይሂድ" አለች ልጅቷ። "ባትሪውን በአዲስ ቀይሬለታለሁ። ዴስክቶፑ ጉልበቱ ከግድግዳው ነው፤ ከግድግዳው ከራቀ የለም።"

"ዘማሪ ቤት ዕቃ ተሸክሞ መሄድ... እንደ ጨርቅ ነጋዴ?"

"እንደ ወዳጅ ነዋ ጋሼ! የታመመ ሰው ይጠየቃል እንጂ ይጠራል እንዴ?"

ጋሼ ሽብሩ መስኮቱን አዩ። ያ የሚናፍቁት ቅዳሜ ተመልሶ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር፤ ጠረጴዛውን ከወለወሉ፣ ወንበሩን ካስተካከሉ። በልባቸው ሲጠብቁ የኖሩት ግን ሰዎቹን ሳይሆን ያንን ዘመን ነበር። ዘመን ደግሞ ተጠርቶ አይመጣም።

"ዝጊውና ስጪኝ" አሉ በመጨረሻ። "ማስተማሩንም አትርሺ፤ ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።"

በማግስቱ ሀቢቾ ሲደርሱ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ማራኪ ትራስ ተደግፋ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተኝታለች።

"ሽብሩ ነህ? ምነው እንዲህ ዘገየህ?"

"ወንበርሽን አዘጋጅቼ ስጠብቅሽ።"

"እኔ ደግሞ በሬን ከፍቼ ስጠብቅህ።"

ርብቃ ላፕቶፑን አልጋው ጠርዝ ላይ ከፍታ ትናንት ሱቅ ውስጥ ከጸዱት ካሴቶች የማራኪን መዝሙር አሰማች። የሁለት ልጃገረዶች ድምፅ ወጣ፤ አንደኛዋ ማራኪ፣ ሌላዋ በሕይወት የሌለችው እህቷ። አሮጊቷ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ቴፑ ከበላው ቦታ ላይ ድምፁ ሲቋረጥ እሷ ሳትጠየቅ ቀጠለች፤ ድምፅዋ ቢንቀጠቀጥም ከዜማው አልወጣም። ርብቃ ቀዳች። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መነጽራቸውን ጠረጉ።

መዝሙሩ ሲያልቅ መምህርነታቸው ተመለሰባቸው። በሩ ላይ ለተሰበሰቡት ጎረቤቶች እንዲህ አሉ፦

"እናንተ ልጆች፣ ስሙኝ! ዕቃ ስትገዙ 'የቱ አዲስ ነው? የቱ ርካሽ ነው?' ብቻ አትበሉ። 'ሥራዬ ምንድን ነው? ሥራዬስ የት ነው ያለው?' በሉ። ተቀምጦ የሚጽፍ፣ መብራት ያለው ሰው ዴስክቶፑ ያዋጣዋል፤ አይሳሳት። ሥራው ሰው ቤት ያለ ግን ከሰውየው ጋር የሚሄደውን ይያዝ። በየቤታችሁ እናንተ የማታውቁት መዝሙር ያላቸው አያቶች አሉ። አምጧቸው አትበሉ፣ ሂዱላቸው። እኔ በአንድ ጠረጴዛ ምክንያት ሦስት ዓመት..."

"ሽብሩ" አለች ማራኪ ከአልጋዋ።

"አቤት?"

"ስብከቱን ተወውና አራተኛውን ቁጥር ቅዳ።"

"አራተኛ ቁጥር አለው እንዴ?"

"አለው እንጂ። ያኔ ካሴትህ አልቆ 'ይበቃል' ብለህ አስቆምከን።"