የኤልዳድ ጆሮ

(ነነዌ። ሊመረቅ ጥቂት በቀረው የአሦር ንጉሥ ቤተ መንግሥት፣ ከለኪሶ ከተማ ተማርኮ የመጣው ድንጋይ ጠራቢ ዛኩር መሰላል ላይ ቆሞ የገዛ ከተማውን መውደቅ በግድግዳ ላይ ይቀርጻል፤ ምሳ ያመጣችለት ታናሽ እኅቱ አቢጣል ከሥር ቆማ ታያለች።)

አቢጣል፦ አጥፋው አልኩህ!

ዛኩር፦ ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል።

አቢጣል፦ ይስሙ! የኛን ቋንቋ እዚህ ማን ያውቃል?

ዛኩር፦ ግማሹ ሠራተኛ ያውቃል። ከጢሮስ የመጣው ነሐስ ሠሪ እንኳ ስትሳደቢ አንድ አያመልጠውም።

አቢጣል፦ አያምልጠው። ሁልጊዜ ምሳህን በር ላይ እየተቀበልከኝ፣ 'ውስጥ ሴት አይገባም' እያልከኝ፣ ለካ ነገር አለህ! ዛሬ ዘበኛው ቢያሾልከኝ ምን አየሁ? የገዛ ወንድሜን። እንጨት ላይ ተሰቅሎ!

ዛኩር፦ እሱ አይደለም።

አቢጣል፦ አይደለም?

ዛኩር፦ ዝም ብሎ ሰው ነው። እንጨት ላይ የተሰቀሉ ሦስት ሰዎች ቅረጽ ተባልኩ፣ ሦስት ሰዎች ቀረጽኩ።

አቢጣል፦ ዛኩር፣ እኔ እኮ አቢጣል ነኝ። ኤልዳድን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ያ አፍንጫ የማን ነው? ያ ሲስቅ የሚሰረጎደው ጉንጭ የማን ነው? እየሞተ እንኳ የሚስቅ አስመሰልከው!

ዛኩር፦ አላሳቅኩትም። ፊቱ እንደዚያ ነው፣ ምን ላድርግ?

አቢጣል፦ አየህ? 'ፊቱ' አልክ።

ዛኩር፦ …ዳቦ ብቻ ነው ያመጣሽው?

አቢጣል፦ ዳቦና ሽንኩርት ነው። ወሬ አታስቀይረኝ! ሌሎቹን ሁለቱን አየኋቸው። ጢማቸው አንድ፣ ዓይናቸው አንድ፣ አፍንጫቸው አንድ። የአንድ እናት መንታዎች ይመስላሉ።

ዛኩር፦ ሥራው እንደዚያ ነዋ። አለቃው ንድፉን ግድግዳው ላይ በቀለም ያሰምራል፣ እኛ መስመሩን ተከትለን እንወቅራለን። ንድፉ ላይ ምርኮኛ ሁሉ ፊቱ ያው ነው። የኛም ሰው፣ የኤላሙም፣ የባቢሎኑም። ልብሱን ትቀይሪለታለሽ እንጂ ፊቱን አትነኪውም።

አቢጣል፦ ታዲያ ይሄንን ለምን ለየኸው?

ዛኩር፦ እጄ ነዋ።

አቢጣል፦ እጅህ ብቻውን ሄደ?

ዛኩር፦ ሁለቱን ሠራሁ። ሦስተኛውንም መስመሩን ተከትዬ የምወቅር መስሎኝ ነበር። ቀና ስል እሱ ነው። እና ምን ላድርግ፣ የሌላ ሰው ጢም ልለጥፍበት? ጢም እንኳ ሳያወጣ እኮ ነው የሄደው፣ አቢጣል።

አቢጣል፦ እኔ አልረሳሁትም። እማስ? ከነገ ወዲያ ምረቃ ነው። የሠራተኛ ቤተሰብ በሙሉ ይገባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል ተብሏል። ዛሬ ጠዋት ሻሿን አጥባ አስጥታለች። ሰሞኑን ደግሞ 'የልጄን አንበሶች ሳላይ አልሞትም' እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራ ነው የከረመችው።

ዛኩር፦ አንበሶችም አሉ እኮ።

አቢጣል፦ የታሉ?

ዛኩር፦ ወዲያኛው አዳራሽ። የሠራኋቸው እኔ አይደለሁም እንጂ አሉ።

አቢጣል፦ እግዚኦ! አንተ ሰውዬ ሳትዋሽ የዋልክበት ቀን አለ?

ዛኩር፦ ውሸቱን ማን ጀመረው?

አቢጣል፦ እኔ አምልጧል ብቻ ነው ያልኩት! ከለኪሶ ሲያስወጡን በእንጨቱ ሥር ስናልፍ የእማን ሻሽ ዓይኗ ላይ ሳብኩባት። 'ኤልዳድ የታለ?' ስትለኝ 'ወደ ግብፅ አመለጠ' አልኳት። በቃ። ግብፅ አስገብተህ ሥራ ያስያዝከው፣ ሚስት ያጋባኸው አንተ ነህ!

ዛኩር፦ ልጅ የወለድሽለት ግን አንቺ ነሽ።

አቢጣል፦ ምን ላድርግ ታዲያ! 'እስካሁን እንዴት አልወለዱም? ልጅቷ መካን ናት እንዴ?' እያለች እንቅልፍ አጣች። ለሌለች ሴት ስታዝን አንጀቴን በላችኝ።

ዛኩር፦ ደግሞ ወንድ ነው ብለሽ የአባባን ስም አወጣሽለት።

አቢጣል፦ ደስ እንዲላት ነዋ። ደስም አላት። ያን ቀን እየዘፈነች ነው የኤልዳድን ካባ ስትሸምን የዋለችው።

ዛኩር፦ አሁንም አልጨረሰችውም?

አቢጣል፦ ትላንት ጨረሰችው። ዛሬ ጠቅልላ ሰጠችኝ። 'ለዛኩር ስጪው፣ የት እንደሚያደርሰው እሱ ያውቃል' ነው ያለችኝ። ወደ ግብፅ የሚሄድ ነጋዴ የምታውቅ መስሏት ይሆናል። ይኸው ከምሳህ ጋር አለ።

ዛኩር፦ እዚያው ተይው። አሁን ላየው አልችልም።

አቢጣል፦ እኔስ ተሸክሜው ስመጣ ቀልሎኝ መሰለህ? ባለቤቱ እንደሌለ እያወቅኩ 'እሺ እማ፣ አደርሳለሁ' አልኳት። እሷ ደግሞ ግንባሬን ሳመችኝ። እኔን! ስለዚህ አጥፋውና ይለይልን።

ዛኩር፦ ድንጋይ እኮ ነው፣ ሊጥ አይደለም። አንዴ የተወቀረ አይመለስም።

አቢጣል፦ እንግዲያው ፊቱን ቀይረው። እዚያ ጋ የቀረጽከው ጋሪ የኛ ጋሪ አይደለም? ሴቶቹና ልጆቹ ያሉበት?

ዛኩር፦ የኛ ነው።

አቢጣል፦ ከበሬው ጎን ቦታ አለ። ኤልዳድን እዚያ አቁመው። በእግሩ እየሄደ፣ በሬውን እየነዳ። እማ ስታየው 'ይኸው ልጄ' ትበል።

ዛኩር፦ ያልሄደውን? ድንጋይ ላይ ልዋሽ?

አቢጣል፦ ውይ ውይ ውይ! ይሄ ግድግዳ እውነት ተናግሮ ያውቃል? እስቲ የሞተ የአሦር ወታደር አሳየኝ። አንድ! ከዳር እስከ ዳር ፈልግ።

ዛኩር፦ የለም።

አቢጣል፦ ከግንቡ ላይ ያን ሁሉ ድንጋይ ስናወርድባቸው፣ ያን ሁሉ ችቦ ስንወረውርባቸው፣ አንድ ሰው አልሞተባቸውም? ኤልዳድ ራሱ የጣለውን አላየህም?

ዛኩር፦ አይቻለሁ።

አቢጣል፦ እና ለንጉሡ የምትዋሸውን ያህል ለእናትህ ብትዋሽላት ምን አለበት?

ዛኩር፦ ለንጉሡ የምዋሸው ለመኖር ነው።

አቢጣል፦ እሷስ በምን የምትኖር ይመስልሃል?

ዛኩር፦ …አለቃው ደግሞ አይቶታል።

አቢጣል፦ ምኑን?

ዛኩር፦ ፊቱን። ሠራተኛውን ሁሉ ጠርቶ አሳያቸው። 'እንዲህ ነው የሚሠራ፣ ሕይወት ያለው ይመስላል' አለ። ሕይወት ያለው ይመስላል አለኝ፣ አቢጣል። እኔም 'እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ' አልኩ። ከዚያ ሸለመኝ።

አቢጣል፦ ምን ሸለመህ?

ዛኩር፦ ዘይት።

አቢጣል፦ የቱን ዘይት? ያንን ማሰሮ? ለምረቃው ለሁሉም ታደለ ያልከኝን?

ዛኩር፦ ለሁሉም አልታደለም።

አቢጣል፦ ትላንት ምስር የሠራሁበትን?

ዛኩር፦ አዎ።

አቢጣል፦ አፈር ይብላኝ! ጣቴን እየላስኩ በላሁ እኮ። 'ከለኪሶ ከወጣን እንዲህ ያለ ዘይት ቀምሰን አናውቅም' እያልኩ። በወንድሜ ፊት በተገኘ ዘይት!

ዛኩር፦ እኔም በላሁ።

አቢጣል፦ እያወቅክ?

ዛኩር፦ እያወቅኩ። ርቦኝ ነበር። ደግሞ ጣፈጠኝ። ባይጣፍጠኝ እንኳ ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

አቢጣል፦ ያልቀመሰችው እማ ብቻ ናት።

ዛኩር፦ ለምን?

አቢጣል፦ እንጃላት። ትላንት ቤት መቀመጥ ሰለቸኝ ብላ፣ እዚህ ግቢ ለልስኑ ውኃ ከሚያመላልሱት ሴቶች ጋር ወጥታ ነበር። ስትመለስ ዝም አለች። ደክሟት ነው ብዬ ተውኳት። ምስሩን ባቀርብላት 'አንቺ ብይ' ብላ ወደኔ ገፋችው፣ ካባዋን አቅፋ ተቀመጠች። ጾመኛ ሆነችልኝ። እኔም ድርሻዋን ደርቤ በላሁልህ!

ዛኩር፦ ተይ በቃ፣ ራስሽን አትብዪ።

አቢጣል፦ ዘይት ከበላሁ ወዲያ ራሴን ብበላ ምን አለበት?

ዛኩር፦ እውነቱን ልንገርሽ? ባልነካው ደስ ይለኛል።

አቢጣል፦ እንዴት አፍህን ሞልተህ…

ዛኩር፦ ስሚኝ እንጂ! የት ቀበርነው? ወታደር እየገፋን በሥሩ አለፍን እንጂ አፈር አላለበስነውም። እማ እንዳትሰማ ብለን ስሙን ጠርተን አላለቀስንም። ያን ቀን ሁለት የአሦር ጸሐፊዎች ቆመው ነበር፤ አንዱ በጭቃ ሰሌዳ ላይ፣ አንዱ በብራና ላይ ይጽፋሉ። የበሬውን ብዛት ጻፉ፣ የሰዉን ብዛት ጻፉ። ስም ግን የጠየቀን የለም። ኤልዳድ የሚባል ልጅ ኖሮ ሞተ የሚል ነገር በዓለም ላይ ይሄ ድንጋይ ብቻ ነው። ይሄ ቤት አንድ ቀን ቢፈርስ እንኳ ድንጋዩ አፈር ለብሶ ይቆያል። የሆነ ዘመን የሆነ ሰው ቆፍሮ ያወጣዋል። ንጉሡ ማን እንደነበር ላያውቅ ይችላል። ይሄ ልጅ ግን የሰው ልጅ፣ የእናት ልጅ እንደነበር ያየዋል።

አቢጣል፦ ያ ሰውዬ ከነገ ወዲያ አይመጣም፣ ዛኩር። የምትመጣው እማ ናት።

ዛኩር፦ ልክ ነሽ።

አቢጣል፦ ጆሮውን ለምን አልወቀርከውም? ያ ቦታ እንደ ግንብ ድፍን ነው።

ዛኩር፦ አልቻልኩም።

አቢጣል፦ አህያዋ የነከሰችው ጆሮ…

ዛኩር፦ ለሁለት የተሰነጠቀ ጆሮ ከሱ በቀር ያለው ሰው አላየሁም። እሱን ከወቀርኩ አለቀ። አሁን እንኳ 'ይመሳሰላል' ማለት ይቻላል። ነገ ግን ቀለም ቀቢዎቹ ይገባሉ። ዛሬ የግድ አንድ ጆሮ ሊኖረው ነው።

አቢጣል፦ አህያ ልሳም ብሎ ጆሮውን ሰጣት እኮ። ሞኝ።

ዛኩር፦ ሳማት ያልኩት እኔ ነኝ።

አቢጣል፦ ማን ያላወቀ መስሎሃል? እማ ስንት ቀን በዱላ ፈልጋህ! እሱ ደግሞ ጆሮው በጨርቅ ታስሮ 'ዛኩርን አትምቺው' እያለ ቀሚሷን ይጎትታል።

ዛኩር፦ በቃ፣ በቃ። እሺ። አደርገዋለሁ። አፍንጫውን እንደ ንድፉ እቀንሰዋለሁ፣ ጉንጩ ላይ ጢም አወርድበታለሁ። ጆሮውንም ሙሉ ጆሮ አደርገዋለሁ። እንደ ሌሎቹ ይሆናል።

አቢጣል፦ አለቃውስ?

ዛኩር፦ መሮው አመለጠኝ እለዋለሁ። ይገርፈኝ ይሆናል።

አቢጣል፦ እጅህንስ ቢቆርጡት?

ዛኩር፦ ይቁረጡት። ምን ሲሠራ እንደነበር አይተሻል።

አቢጣል፦ እንዲህ አትበል! በገዛ አፌ ነው እዚህ ያደረስኩህ።

ዛኩር፦ አንቺ አይደለሽም። በይ፣ ዘወር በይ፣ አትዪ። ቆይ፣ ትቢያው ወለሉ ላይ ከወረደ አለቃው ነገሩን ቶሎ ያውቃል። ከሥር የምትዘረጊው ጨርቅ የለም?

አቢጣል፦ ከየት ላምጣ? ዳቦው የተቋጠረባት መሐረብ ናት ያለችኝ።

ዛኩር፦ ካባውን ዘርጊው።

አቢጣል፦ የእማን ካባ? እጄ እሺ አይለኝም።

ዛኩር፦ ለማን ልናደርሰው ነው፣ አቢጣል? ባለቤቱ ይኸው። የሱው ትቢያ ነው፣ በሱው ካባ ይረፍ።

አቢጣል፦ እሺ… እማዬ ይቅር በይኝ። አቤት ክብደቱ! ብርድ እንዳይነካው ብላ ነው እንዲህ ያወፈረችው፣ ግብፅ ይበርዳል ያላት ማን እንደሆነ… ዛኩር።

ዛኩር፦ ዘርጊው፣ ጊዜ የለንም።

አቢጣል፦ ተቀዷል።

ዛኩር፦ ምኑ?

አቢጣል፦ ካባው። ከአንገቱ እስከ ደረቱ ተቀዷል።

ዛኩር፦ መንገድ ላይ የሆነ ነገር ይዞት ይሆናል።

አቢጣል፦ ተጠቅልሎ ነው እኮ የመጣው። ክሩ ወዲያና ወዲህ ተጎትቷል፤ በእጅ ነው የተቀደደው። እኛ ሰው ሲሞትብን እንደምንቀደው።

ዛኩር፦ ማን ነገራት?

አቢጣል፦ እኔ አልነገርኳትም! አንተ ሙት ትንፍሽ አላልኩም!

ዛኩር፦ ትላንት… ውኃ ይዘው የገቡት ሴቶች። አንዷ እዚህ መሰላሉ ሥር ተቀምጣ ነበር። ብዙ ቆየች። ሌሎቹ ሲወጡም አልተነሳችም። ደክሟት ነው ብዬ ዞር ብዬም አላየኋት።

አቢጣል፦ ሻሿ ምን ዓይነት ነበር?

ዛኩር፦ አላየኋትም አልኩሽ! ጸጉሩን እየወቀርኩ ነበር። እያፏጨሁ፣ አቢጣል! እያፏጨሁ የልጇን ጸጉር ስወቅር አይታኝ ነው የሄደችው።

አቢጣል፦ ማታ ካባውን አቅፋ የተቀመጠችው… እኔ ደግሞ ምስር እጎርሳለሁ። 'የት እንደሚያደርሰው እሱ ያውቃል' ስትል ግብፅን ማለቷ አልነበረም። እዚህ ማለቷ ነው።

ዛኩር፦ አውቃም ግንባርሽን ሳመችሽ።

አቢጣል፦ አውቃ ሳመችኝ።

ዛኩር፦ ምን ላድርግ? ላጥፋው? ልተወው? አንቺ ያልሽውን አደርጋለሁ፣ ብቻ ንገሪኝ።

አቢጣል፦ መሰላሉ ላይ ውጣ። ካባውን ከሥሩ እኔ እይዛለሁ።

ዛኩር፦ ወጥቼስ?

አቢጣል፦ ጆሮውን ጨርስ። የተሰነጠቀውን፣ የራሱን ጆሮ። እናቱ ከነገ ወዲያ ልታለቅስለት ነው የምትመጣው።