የካባው ስንጥቅ

ከአሰላ ተማሪዎቼን ይዤ ሁሩታ አጠገብ ወዳለ የድንጋይ ካባ ሄድኩ፤ ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው። ጥቁሩን ገደል እያሳየሁ፣ «ይህ አለት ከመሬት ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ሲቀዘቅዝ ጠጠረ፤ ሲጠጥር ስለተኮማተረም ከላይ እስከ ታች እንዲህ ተሰነጠቀ» አልኳቸው። መዶሻቸውን ተደግፈው ሲያዳምጡ የነበሩት ድንጋይ ፈላጭ፣ ጋሽ ከድር፣ ጠጋ አሉኝ።

«ቲቸር፣ ስንጥቁ ድሮም ነበረ ነው የምትይኝ? እኔ ስመታው የመጣ አይደለም?»

ለምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም።

«ባለፈው ክረምት ከላይ ስመታ አለቱ ተገምሶ ታች የነበረውን ወንድሜን ተጫነው። እስከዛሬ ሰው ሁሉ አንተ ነህ የገደልከው ይለኛል።»

ሸክማቸውን የማቀልላቸው መስሎኝ ቸኮልኩ። «በፍጹም፣ ጋሽ ከድር! እርስዎ ሳይወለዱ የነበረ ስንጥቅ ነው።»

ገደሉን ቀና ብለው አዩት። ፊታቸው ይፈታል ስል ጭራሽ ጠቆረ።

«ዕድሜዬን ሙሉ እዚሁ ስፈልጥ ኖሬ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «እንዴት ሳላየው ቀረሁ?»

ዞር ስል ተማሪዎቼ ገደሉን ተደግፈው ይሳሳቃሉ። ጮኬ ከዚያ አስነሳኋቸው።