ከሶፋ ላይ የተሰጠ ድምፅ

ግቢ እህቴ፣ ግቢ። ደረጃው አደከመሽ አይደል? ሊፍቱ ከተበላሸ ወዲህ እኔም በቀን አንዴ ነው የምወርደው፤ የረሳሁት ዕቃ እንደተረሳ ይቀራል። ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል መርገጥ እንዲህ ቀላል አይምሰላቸው። የወንድምሽን ልጅም ይዘሽው መጣሽ... ደግ አደረግሽ። እዚያ ሶፋው ላይ ይቀመጥ፣ ቦታውን ያውቀዋል። ስኳር ካነሰው ይጨምር።

የመጣችሁበት ጉዳይ አልጠፋኝም። ልጄን ለሱ ጠይቃችኋል፣ እኔም መልሱን ዛሬ እሰጣለሁ ብያለሁ፣ እሰጣለሁ። ልጅቷ ሥራ ገብታለች። ጠዋት ስትወጣ "እማዬ፣ አንቺ የምትይው የኔም መልስ ነው" ብላኝ ነው የሄደችው። ታዲያ ምን ያስቸኩለናል? ሻዩ በረድ እስኪል አንዲት የማውቃት ሴት ቤት የሆነውን ላጫውትሽ። አንተ ስልክህን እይ ልጄ፣ የሴቶች ወሬ ነው፣ አንተን አይመለከትም።

ይቺ ሴት... ልጇ በረኛ ነው። አዎ፣ እንደኔ ልጅ። አንዳንዴ እንዲህ ይገጣጠማል። የዋንጫው የመጨረሻ ጨዋታ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ እሷ ቤት ተሰበሰበ። ወንበር አልበቃ ብሎ ያ የታች ቤቱ ሹፌር፣ ለሁሉም ነገር እጁን ስለሚያነሳ "መስመር ዳኛ" የምንለው፣ የሽንኩርት ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠ። ሶፋው ግን ለአንድ የተከበረ እንግዳ ተለቀቀ። የኳስ ተንታኝ ነው፤ ማታ ማታ በቴሌቪዥን ብቅ የሚል፣ ከረባቱ ቀጥ ያለ፣ ድምፁ ብቻውን የሚያጠግብ። ለዚያ ቤት ዘመድ ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው። ምቀኞች "ኳስ በእግሩ ነክቶ አያውቅም" ይሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሐኪም በሽታውን ሁሉ ታሞ ነው እንዴ የሚያክመው? ሐኪሙ ቢያንስ በሽተኛውን ያየዋል ካላልሽኝ በቀር።

የመጀመሪያውን አጋማሽ አየ። አልዋሽም፣ አየ። ምሳውን በላ፣ ደገመ፣ እሰየው፤ የሚበላ እንግዳ ደስ ይላል። እረፍት ሲሆን "እስቲ ጎኔን ላሳርፍ" አለና ጋደም አለ። የቤቱ ሴት ልጅ ብርድ ልብስ ደረበችለት። ከዚያማ... የደከመ ሰው ነዋ። ስንቱን ቡድን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ይዞራል መሰለሽ። ማንኮራፋቱ እንኳ የትልቅ ሰው ነበር፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረግነው... አደረጉት ማለቴ ነው።

እሱ ተኝቶ ሳለ ያ በረኛ ፔናሊቲ አዳነ። በጣቱ ጫፍ ነክቶ ከአግዳሚው በላይ ሰደዳት። ቀጥሎ ከአጥቂው ጋር ለብቻቸው ተፋጠጡና ኳሷን በደረቱ መለሳት፤ ትንፋሽ አጥሮት እዚያው መሬት ላይ ቀረ። እናቱ ማየት አቅቷት መነጽሯን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ነበር። ቤቱ በጩኸት ሲናጋ እንግዳው አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ "ገባ እንዴ?" አለ። "አልገባም" አሉት። "እንግዲያው ምንም አላመለጠኝም" ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። መስመር ዳኛ ሊቀሰቅሰው እጁን ሲዘረጋ ሴትዮዋ ከለከለችው። እንግዳ አይቀሰቀስም ብላ ነው፣ ሞኝ ሴት።

ማታ ስቱዲዮ ተቀመጠ። ጉንጩ ላይ የትራሱ ጥልፍ መስመር አልለቀቀም፤ የተቀባው ዱቄት ሊሸፍንለት ሞክሮ አቅቶታል። ሰሌዳው ላይ ቀስት እየሳለ፣ ቀዩን ከሰማያዊው እያገናኘ፣ ምን አለ መሰለሽ? "ከእረፍት መልስ በረኛው እንቅልፍ ላይ ነበር።" ...ደግነቱን እይልኝ እስቲ። የራሱ የሆነውን እንዲህ ሳይሰስት ለሰው የሚያካፍል ዛሬ ስንት አለ?

የጥንት ሰዎች ያላዩት አገር አይናፍቅም አሉ እንጂ ያላዩት ጨዋታ አይተነተንም አላሉም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእነሱ ነው። ዓይን ያያል ልብ ይፈርዳል ሲሉም ስለ እንደኔና እንዳንቺ ዓይነቱ ነው። ሰው ከፍ ሲል ዓይን ምን ያደርግለታል? ...ብስኩት አንሱ እንጂ፣ ለማን ነው ያስቀመጥኩት?

ይህ ብቻ ቢሆን ወሬ ነው፣ ነገ ሌላ ጨዋታ ይሸፍነዋል። ግን የዓመቱን ምርጥ በረኛ ከሚመርጡት አንዱ እሱ ነው። ልጁ ደግሞ ለዚያ ሽልማት ስንት ዓመት ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠብቋል፤ ሌሎች ሲጫወቱ ውሃ እያቀበለ። በዝግጅቱ ቀን እናቱ ሱፉን ራሷ ተኮሰችለት። እሱም አዳራሹ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ እነዚያን ትልልቅ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ተቀምጦ ነበር። በአንድ ድምፅ ተበለጠ። በአንድ። ያሸነፈው ልጅ ጨዋ ነው፣ ምንም አልልም፤ ከዓመቱ አጋማሽ ጀምሮ ግን ክንዱ ጀሶ ውስጥ ነው። የኛ ተንታኝ መድረክ ላይ ወጥቶ "ለአስተማማኝ እጆቹ" ብሎ ዋንጫውን ሰጠው፤ ልጁም በደህናው እጁ ተቀበለ። በረኛው አጨበጨበ። እናቱ በቴሌቪዥን አይታዋለች፣ ሌሎቹ ካቆሙ በኋላም ያጨበጭብ ነበር።

አምና ያየውን ነው የመረጠው አሉ። ምን ያድርግ ታዲያ? ሰው ያየውን ነው የሚመርጠው፤ ዘንድሮ ምን አየና?

የቤቱ ሴት ልጅ ግን ትወደው ነበር። ይሄን ልንገርሽ፣ ከልቧ ትወደው ነበር። ጠርታ አነጋገረችው። "ዋንጫውን መልስ አላልኩህም፤ ማታ ስትቀርብ ያን ግማሽ አላየሁትም በል፣ ይበቃኛል" አለችው። እሱ ምን አለ? በመጀመሪያ "ለዘመድ አዳላ እንዳይሉኝ ነው" አለ። እንዲህ ነው ፍርድ፤ ላለማዳላት ብሎ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጥርቅም አድርጎ ጨፈነ። ቀጥሎ ደግሞ "ተንታኝ ቃሉን ካጠፈ ነገ ማን ያምነዋል?" አላት። እውነቱን ነው እኮ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይሉ የለ? የዱሮዎቹ ግን ሞኞች ናቸው፣ የገዛ ልጃቸውን ነው የሚገብሩት። የዛሬ ጎበዝ የተናገረው ከሚጠፋ ሌላ ሰው የወለደው ይጥፋ አለ፣ ተገላገለ።

ልጅቷ ተነሥታ ሄደች። ቤቷ ገብታ ያን ብርድ ልብስ አጠበችው፣ አጥፋም ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው። ወንድሟ ደግሞ ነገሩን ሰምቶ ወጥ ቤት ድረስ ተከትሏት "በኔ ሰበብ እንዳትተዪው፣ ኳስ ነው፣ ያልፋል" ይላታል። ያ... እንቅልፋሙ በረኛ። ለራሱ አንድ ቃል ሳይናገር ለእሱ ሲማልድ ሰማሁት፣ በዚህ ጆሮዬ። አንጀቴ ነው የተቃጠለ እህቴ። እንዲህ ያለ ልጅ አሳድጌ ሶፋ ላይ የሚፈርድበት ሰው ስቀልብ ኖርኩ ብዬ... ማለቴ ያቺ ሴት። ያቺ የማውቃት ሴት እንዲህ ብላ ተቃጠለች።

ምነው ልጄ፣ ሻይህን ሳትነካው? ተጫወት እንጂ። ስለሌላ ሰው ነው የማወራው።

እሺ እንግዲህ፣ መልሱ። ወደ ሱቅሽም መመለስ አለብሽ፣ ደንበኛ ቆሞ ይሆናል። አንቺን አላስቀይምም፤ ስንት ዓመት ጨው ተበዳድረን የኖርን ጎረቤታሞች ነን። ክፉ ቃልም ከአፌ አይወጣም። የእናት አፍ ነው፣ ልመርቀውና ሂዱ። ለወንድምሽ ልጅ ፈጣሪ መልካም ሚስት ይስጠው። መልኳ እንደ ልጄ ያማረ፣ ጠባይዋ ከልጄ የተሻለ፣ እናቷም እንደኔ ለፍላፊ ያልሆነች። ይውለዱ፣ ይክበዱ፣ በአንድ ማዕድ ያርጁ። አሜን በይ እንጂ... ደግሞም ለእሱው ሰላም ብዬ ነው እህቴ፣ ወንድም የሌላትን ይስጠው።